ልጁን ተዉት፣ ጨረቃ ላይ ነው!

ባለፈው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እህቴ ልጇን አስከትላ ቤቴ ከች አለች። ሰላምታው እንኳ በወጉ ሳይደርስ ከቦርሳዋ አንድ ወፍራም የፎቶ ኮፒ ጥራዝ አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገችው።

“ይኸውልህ! የአሥራ አራት ዓመት ጎረምሳ ደብተሩን ጥሎ ሌሊቱን ሙሉ የሚያፈጥበት ነገር ይሄ ነው። የምሳውን ገንዘብ እያጠራቀመ ነው አሉ ያስባዛው። አንተ የተማርክ ነህ፤ በል ፍረድ!” አለችኝ።

ልጁ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ዓይኑ ከጥራዙ ላይ አልተነቀለም። “ጋሼ፣ አደራ እንዳይቀዱት” አለኝ ቀስ ብሎ።

ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። ሥዕል ነው። ጠፈርተኛ፣ መንኮራኩር፣ ከዋክብት፣ ከሰዎቹ አፍ እንደ አረፋ የሚወጣ ንግግር። ፈረንጆቹ ኮሚክስ የሚሉት፣ እኛ በጅምላው “የካርቱን መጽሐፍ” የምንለው ማለት ነው። እህቴን “ፍርድ ቤት እንኳ መዝገቡን ሳያነብ አይፈርድም፤ ቢያንስ እንደዚያ ይባላል። ትታችሁልኝ ሂዱ” አልኳት።

ውድ አንባቢያን፣ ያን ሌሊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አነበብኩ። በማግሥቱም እንደዚያው። ከዚያ ወዲህ ባለው ጊዜ ደግሞ የዚያን ዓይነት ታሪክ ያሏቸውን እየጠየቅሁና እየተዋስኩ ከርሜያለሁ። ዳኛው ራሱ ከተከሳሹ ጋር አበረ በሉት። በዛሬው ጽሑፌ ከወትሮው ወሬ ወጣ ብዬ በጠፈር ላይ የሚካሄዱ የሥዕል ታሪኮችን እንድታነቡ፣ ልጆቻችሁም ሲያነቡ እንዳትቆጧቸው ልመክራችሁ ነው። “ይኼ ሰውዬ አገር እየታመሰ ስለ ጨረቃ ያወራል እንዴ?” የምትሉኝ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። መንገዱ በጨረቃ በኩል ይዙር እንጂ መድረሻው እዚሁ ነው።

የተቃጠለችው መንኮራኩር

ነገሩ ሆዴን የነካው ያለ ምክንያት አይደለም።

አባቴ ምድር ባቡር ይሠሩ ነበር። ፈረንሳይኛ ያነባሉ። አንድ ጊዜ ከጅቡቲ ሲመለሱ ሁለት የቲንቲን መጻሕፍት ይዘውልኝ መጡ። ቤልጅጋዊው ኤርዤ የጻፋቸውና የሣላቸው፣ ቲንቲን የሚባለው ወጣት ጋዜጠኛ ከነውሻው ጨረቃ ላይ የሚወጣባቸው ሁለቱ ጥራዞች ናቸው። በመጽሐፍ መልክ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1953 እና በ1954 ነው። አሜሪካኖቹ አፖሎ 11ን ጨረቃ ላይ ያሳረፉት በ1969 መሆኑን ስታስቡት ሰውየው አሥራ አምስት ዓመት ቀድሞ በእርሳሱ ደርሷል ማለት ነው። ያችን ቀይና ነጭ ዳማ መሳይ መንኮራኩር ያየ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳትም። ፈረንሳይኛውን አላነበውም፤ አባቴ ማታ ማታ እየተረጎሙ ያጫውቱኝ ነበር። ካፒቴን ሃዶክ ደብቆ የወሰደው ውስኪ ክብደት በሌለበት ከብርጭቆው ወጥቶ ኳስ ሆኖ ሲንሳፈፍ፣ ሰውየውም አፉን ከፍቶ ሲያሳድደው አባትና ልጅ እስኪያመን እንስቅ ነበር።

ቮልፍ የሚባለው መሐንዲስ ጋ ስንደርስ ግን አባቴ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ቮልፍ በቁማር ዕዳ ተይዞ ጓደኞቹን ለባዕዳን የሸጠ ከሃዲ ነው። መጨረሻ ላይ ኦክስጅኑ ለሁሉም እንደማይበቃ ሲያውቅ ደብዳቤ ጽፎ ትቶ፣ በሩን ከፍቶ ራሱን ወደ ጠፈር ወረወረ። አባቴ “አየህ፣ የከዳም ሰው ቢሆን ሰው መሆኑ አይቀርም” ይሉኝ ነበር። ስለ ሰው ልጅ የመጀመሪያውን ከባድ ትምህርት የተማርኩት ከዚያች ገጽ ነው።

መጋቢት 1969 መጣ። የዚያን ጊዜ ሰው ያውቀዋል፤ አሰሳ። ቤት ለቤት እየዞሩ ወረቀትና መሣሪያ የሚፈትሹበት ወቅት ነው። አዲስ አበባ ሌሊት ሌሊት ወረቀት ወረቀት ትሸት ነበር። መጽሐፍ ያለው ሰው ወይ ይቀብረዋል፣ ወይ ሽንት ቤት ይጨምረዋል፣ ወይ ያቃጥለዋል። አባቴም የከሰሉን ምድጃ ወደ ጓዳ አስገብተው ያላቸውን አንድ በአንድ ማገዱት። በመጨረሻ የእኔን ሁለቱን አነሡ።

“እሱ የልጅ ነው እኮ!” አልኩ እያለቀስኩ።

“በፈረንጅ ቋንቋ ነው ልጄ። ምን እንደሚል የማያውቅ ሰው መጥቶ ምን ይላል ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ብዬ አስረዳዋለሁ? ወደ ጨረቃ ልንሄድ ነው ልበለው?”

“መንኮራኩሯ ቀይ ናት፤ ቀይ ይወዱ የለ?” አልኳቸው። አባቴ አልሳቁም። አፌን በመዳፋቸው ያዙት። ከመዳፋቸው ላይ ጢስ ጢስ ይሸታል። ያች ቀይና ነጭ መንኮራኩር ጥቁር ሆና ስትጠቀለል እያየሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ “አደራ እንዳይቀዱት” ሲለኝ የሰማሁት የእሱን ድምፅ ብቻ አልነበረም።

ለመሆኑ ለእኛ ባዕድ ነው?

“የፈረንጅ ቅዠት ነው” የሚሉ አሉ። እስቲ እንነጋገር። ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መንገር የመጣው ከአሜሪካ ነው ያለው ማነው? የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በአርባ አራት ሣጥን ከፋፍሎ፣ ከየሥዕሉ ሥር አጭር ጽሑፍ እያኖረ በአንድ ሸራ ላይ የሚሥለው የአገራችን ሠዓሊ የሚሠራው ሌላ ምንድነው? ከላይ ከግራ ጀምረህ እስከ ታች ስታነበው ታሪኩ ያልቃል። በየደብሩ ግድግዳ ላይ የተሣለው የቅዱሳን ገድልስ?

ሰማይንስ ቢሆን! መጽሐፈ ሄኖክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉ ሆኖ በዓለም ላይ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ሄኖክ ወደ ላይ ተወስዶ የፀሐይን መውጫ በሮች፣ የጨረቃን መንገድ፣ የታሰሩትን ሰባት ከዋክብት ያየውን አባቶቻችን በብራና ላይ ሲገለብጡ ኖረዋል። እስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ ሲገባ ሊቃውንቱ ጉድ አሉ። ቅዱሱን መጽሐፍ ከኮሚክስ ጋር ላመሳስል አይደለም፤ በድፍረት አትክሰሱኝ። ማለት የፈለግሁት፣ ቀና ብሎ ሰማዩን እያየ “እዚያ ምን አለ?” ብሎ መጠየቅ ለዚህ አገር ሰው ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሆነብን አንገታችንን ደፍተን ስለኖርን ነው።

በሉ ወደ ምክሬ ልግባ። አራት ሥራዎች መርጫለሁ።

አንደኛው፦ የራስ ቁሩን ያወለቀው ሰው

ስምንት ገጽ ብትሞላ ነው። ስሟ “የፍርድ ቀን” ነው። አል ፌልድስቲን ጻፋት፣ ጆ ኦርላንዶ ሣላት፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ኢ ሲ የሚባለው የአሜሪካ አሳታሚ “ዊርድ ፋንታሲ” በተባለ መጽሔቱ ላይ አወጣት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ታርልተን የሚባል የምድር መልእክተኛ ሮቦቶች ብቻ ወደሚኖሩባት ፕላኔት ይሄዳል። ሮቦቶቹ ወደ ታላቁ የከዋክብት ሪፐብሊክ አባልነት ለመግባት አመልክተዋል፤ እሱ ደግሞ መርማሪ ነው። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ሮቦት እየመራ ያስጎበኘዋል። ሁሉም ያማረ የሠመረ ነው። ከዚያ ታርልተን ሰማያዊ ሮቦቶችን ያያል። ሰማያዊዎቹ የሚኖሩት በከተማዋ አንድ ጥግ ነው። አውቶቡስ ላይ የሚቀመጡት ከኋላ ነው። የሚሰጣቸው ሥራ ዝቅተኛው ነው። ፋብሪካቸው ሲገባ የሁለቱም የሆድ ዕቃ አንድ ሆኖ ያገኘዋል፤ ልዩነቱ የተለበጡበት ቀለምና የተሞሉበት ትምህርት ብቻ ነው። መርማሪውም “ገና ናችሁ፤ አልደረሳችሁም” ብሎ ማመልከቻቸውን ይመልሳል። “እኛም ምድር ላይ እንዲህ ነበርን፤ እስክንማር ድረስ” ብሎ ግን ተስፋ ሰጥቶ ይለያቸዋል። ወደ መንኮራኩሩ ገብቶ የራስ ቁሩን ሲያወልቅ በመጨረሻዋ ሣጥን ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ እናያለን። ጥቁር ሰው ነው።

እስቲ ዘመኑን አስቡት። 1953 ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን መለየት ሕገ ወጥ ነው ያለው በ1954 ነው። ሮዛ ፓርክስ አውቶቡስ ላይ ከመቀመጫዬ አልነሣም ያለችው በ1955 መጨረሻ ነው። ፖለቲከኛው ሳይናገር፣ ፍርድ ቤቱ ሳይፈርድ በፊት ሳንቲም በሚሸጥ የልጆች መጽሔት ላይ ተጽፎ ነበር!

ዋናው ጉድ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1954 ኮሚክስ ልጆችን ያበላሻል ተብሎ በአሜሪካ ሴኔት ሳይቀር ምርመራ ተደረገ። አሳታሚዎቹም መንግሥት ሳይገባብን እኛው ራሳችንን እንቆጣጠር ብለው ሳንሱር አቋቋሙ። ሹመቱ ቻርልስ መርፊ ለተባሉ ዳኛ ተሰጠ። በ1956 መጀመሪያ ኢ ሲ ያችኑ ታሪክ ደግሞ ሊያትማት ሲል የሳንሱሩ መሥሪያ ቤት “ጠፈርተኛው ጥቁር መሆን የለበትም” አለ። ፌልድስቲን ጥቁር መሆኑ እኮ ነው ታሪኩ ብሎ ተሟገተ። ባለቤቱ ዊልያም ጌንስ “ጋዜጠኞች ሰብስቤ አገሩን አሰማዋለሁ” ብሎ ሲዝት፣ “እሺ፣ ላቡን እንኳ ከፊቱ ላይ አጥፉለት” አሉ ይባላል። ላቡን! ጌንስ ስድብ ቀላቅሎ ስልኩን ዘጋ። ታሪኳ አንድም ነጥብ ሳይነካባት ወጣች። ለኢ ሲ ግን የመጨረሻው የኮሚክ መጽሔቱ ሆነ፤ የቀረው “ማድ” የተባለው የቀልድ መጽሔት ብቻ ነበር።

እኛ አገር ቅድመ ምርመራ በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ቀርቷል ተብሏል። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ብዕር የያዘ ሰው ግን “ላቡን አጥፋው” ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። መጀመሪያ ሰውየውን አጥፋው ይሉሃል። እምቢ ስትል ላቡን ይጠይቁሃል። ላቡን ከሰጠሃቸው በሚቀጥለው ሳምንት ሰውየውን ራስህ ታጠፋላቸዋለህ።

ሁለተኛው፦ “ልማት” የደረሰባቸው

ፈረንሳዮቹ ፒየር ክሪስተንና ዣን ክሎድ ሜዚየር እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ቫሌሪያንና ሎረሊን የሚባሉ ሁለት የጠፈርና የጊዜ ተጓዦችን ታሪክ ለአሥርተ ዓመታት ሠርተዋል። “ስታር ዎርስ” የተሰኘውን ፊልም ያየ ሰው የእነዚህን ሰዎች ገጾች ሲገልጥ “ይሄንማ የት ነው ያየሁት?” ማለቱ አይቀርም። ፊልሙ የወጣው በ1977 ነው፤ መጽሐፎቹ ቀድመዋል። ሉክ ቤሶንም በ2017 የራሱን ፊልም ሠርቶላቸዋል። ፊልሙን ተዉት፤ መጽሐፉን ያዙ።

ከሁሉም የምመክራችሁ በ1972 የወጣውን የአልፍሎሎልን ታሪክ ነው። የምድር ሰዎች አንዲት ፕላኔት ባዶ ናት ብለው ይዘው ፋብሪካ በፋብሪካ አድርገዋታል። ማዕድን ይወጣል፣ ጭስ ይትጎለጎላል፣ ሪፖርት ይጻፋል። አንድ ቀን አንድ ግዙፍ ቤተሰብ ከነሽማግሌው ከነሕፃናቱ ከጠፈር ይመለሳል። የፕላኔቷ ባለቤቶች ናቸው! ዕድሜያቸው ረጅም ስለሆነ ለሽርሽር ብለው ወጥተው የቆዩት አራት ሺህ ዓመት ነው። ቤታቸው የነበረው ቦታ ላይ ፋብሪካ ቆሞ አገኙት።

አስተዳዳሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ ጉዱም እዚያ ላይ ነው። ሕጉ መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ ስለዚህ በትሕትና ያነጋግራቸዋል። ግን ምርቱ መቋረጥ የለበትም። ስለዚህ ወደ አንድ ምድረ በዳ ጥግ ያሰፍራቸዋል። ከዚያ “ሥራ ፈት ሆናችሁ” ብሎ ፋብሪካው ውስጥ ሊያሠራቸው ይፈልጋል። ቫሌሪያን የመንግሥት ሠራተኛ ነውና ትእዛዙ ያስጨንቀዋል። ሎረሊን ግን ከተፈናቃዮቹ ጎን ትቆማለች፤ ወዳጇንም አፍንጫው ሥር ትነግረዋለች። መጨረሻውን አልነግራችሁም።

ይህን መጽሐፍ ያዋሰኝ ወዳጄ የቤቱ ግድግዳ ላይ ቀለም ተቀብቶበት ቀን የተቆረጠለት ሰው ነው። “አንተ፣ ይሄ ሰውዬ ክፍለ ከተማ ሠርቶ ያውቃል እንዴ?” አለኝ። ሳቅን። ወዲያው ዝም ተባባልን። ልማት መጥፎ ነው አላልኩም። አልፍሎሎልም ይህን አትልም። የምትለው፣ የሰው ቤት ላይ ካርታ ከመዘርጋትህ በፊት በሩን አንኳኳ ነው።

ሦስተኛው፦ የሕዋ ጽዳት ሠራተኞች

የእህቴ ልጅ ጥራዝ ይሄኛው ነው። “ፕላኔቴስ” ይባላል፤ በግሪክኛ ተንከራታች እንደ ማለት ነው። ጃፓናዊው ማኮቶ ዩኪሙራ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2004 በመጽሔት በተከታታይ ያወጣው አራት ጥራዝ ሥራ ነው።

ጀግኖቹ ጄኔራል አይደሉም፣ ልዑል አይደሉም። ቆሻሻ ለቃሚዎች ናቸው። ዘመኑ 2070ዎቹ ነው። ምድርን የሚዞር የተሰባበረ ሳተላይት፣ ብሎን፣ የቀለም ቅርፊት በዝቶ መንኮራኩር ማለፊያ አጥቷል፤ እነሱ እየዞሩ ይለቅማሉ። ሩሲያዊ አለ፣ ጃፓናዊ አለ፣ ፊ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት አለች። ፊ ሲጋራ ማጨሻ ቦታ ፍለጋ ጣቢያውን ስታስስ፣ አሸባሪዎች ደግሞ ማጨሻ ክፍሎቹን በቦምብ ሲያነዱባት የምትናደደው ንዴት ብቻውን አንድ ቴአትር ነው።

ሩሲያዊው ዩሪ ዝምተኛ ነው። ለምን ይህን የናቀ ሥራ እንደያዘ ማንም አያውቅም። ከዓመታት በፊት ከሚስቱ ጋር የተሳፈሩበትን መንኮራኩር አንዲት ተራ ብሎን መትታው ሚስቱ ሞታለች። በእጇ ይዛት የነበረች ትንሽ ኮምፓስ አብራ ጠፍታለች። ሰውየው ከዚያ ሁሉ ብረት መካከል ያችን ኮምፓስ እየፈለገ ነው። ላዩዋ ላይ ስለ እሱ የተጻፈች አጭር ጸሎት አለች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሸበቶ ሰውዬ ፎቶ ኮፒ ላይ እንባውን ሲጠርግ ያየው ጎረቤት ካለ፣ ምክንያቱ ይኸው ነበር።

“ብሎን ሰው ይገድላል?” ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ይገድላል። ወደ ምድር ቀረብ ብሎ የሚዞር ነገር በሴኮንድ ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይበርራል። በዚህ ፍጥነት ከአዲስ አበባ ተነሥተህ አዳማ ለመድረስ አሥራ ሦስት ሴኮንድ ይበቃሃል። ልብ ወለድም ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 2009 ኢሪዲየም 33 የተባለው የአሜሪካ ሳተላይትና ሥራ ያቆመው የሩሲያ ኮስሞስ 2251 ከሳይቤሪያ በላይ ተላትመው ከሁለት ሺህ በላይ ስብርባሪ ሆነዋል። ዶናልድ ኬስለር የተባለው የናሳ ሳይንቲስት አንዱ ስብርባሪ ሌላውን እየሰበረ እንደሚሄድ በ1978 አስጠንቅቆ ነበር።

ጉዳዩ እኛንም ይነካል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሰባ ሁለት ኪሎ የምትመዝን የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ምድር ስትተኮስ ብዙ ሰው እንጦጦ ላይ ሌሊቱን አንግቶ በስክሪን አይቷታል። ያን ጊዜ አንዳንዱ “እንጀራ ሳይኖር ሳተላይት!” ብሎ ሲቀልድ፣ አንዳንዱ ደግሞ ነገ ጨረቃ ላይ የምናርፍ አስመስሎ ሲያጨበጭብ ነበር። ሁለቱም አላሰቡበትም። “ፕላኔቴስ” ውስጥ የሚነሣው ጥያቄ ይህን የመሰለ ነው፤ ከሕዋ የሚገኘው ሀብት ለማን ነው? ሀብታሞቹ አገሮች ሁሉን ጠቅልለው ከያዙ ድሃው ምን ይቀረዋል? ቆሻሻውን የተዉት እነሱ፣ የሚከፍለው ማነው? የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይህን እያሰበ ካደረ፣ እህቴ ሆይ፣ ሥራ ፈትቷል አይባልም።

አራተኛው፦ በረዶው

የመጨረሻው ምድር ላይ ነው የሚካሄደው፤ መከራው ግን የመጣው ከጠፈር ነው። “ኤል ኤተርናውታ” ይባላል፤ የዘለዓለሙ ተጓዥ ማለት ነው። አርጀንቲናዊው ኤክቶር ኤስተርኤልድ ጻፈው፣ ፍራንሲስኮ ሶላኖ ሎፔስ ሣለው፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1957 እስከ 1959 በየሳምንቱ በመጽሔት ወጣ።

አንድ ማታ ቦነስ አይረስ ውስጥ ጓደኛሞች ካርታ እየተጫወቱ ነው። ውጭ ድምፅ ይጠፋል። በመስኮት ሲያዩ የሚያብረቀርቅ በረዶ ይዘንባል። የነካው ሁሉ በቆመበት ይሞታል። ኹዋን ሳልቮ የሚባለው የቤቱ ጌታ ካገኘው ጨርቅና ጎማ ልብስ ሰፍቶ፣ የጠላቂ መነጽር አድርጎ ወደ ጎዳናው ይወጣል። ለካ ምድር ተወርራለች። ወራሪዎቹን የሚመሩት ግን አይታዩም፤ ስማቸው “እነሱ” ብቻ ነው። ለውጊያ የሚልኳቸው የማረኳቸውን ሌሎች ፍጡራን ነው። ከእነዚያ መካከል እጃቸው በጣት ብዛት የተሞላ “እጆች” የሚባሉ ጥበበኞች አሉ። “እነሱ” በአካላቸው ውስጥ አንዲት ዕጢ ቀብረውባቸዋል። ያ ፍጡር ሲፈራ ዕጢዋ መርዝ ትረጫለች፤ ይሞታል። እንግዲህ አለቃውን ማመፅ ይፈራል፣ መፍራቱ ራሱ ይገድለዋል። ስለ አምባገነን አገዛዝ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ እንደዚህች ዕጢ ያስረዳኝ የለም።

ኤስተርኤልድ ጀግና አንድ ሰው አይደለም፣ ጀግና ማለት የሚረዳዳው ሕዝብ ነው ባይ ነበር። በ1969 ታሪኩን ከአልቤርቶ ብሬቻ ጋር ደግሞ ሲጽፈው ታላላቆቹ መንግሥታት ደቡብ አሜሪካን ለወራሪዎቹ አሳልፈው እንደሰጡ አደረገው፤ መጽሔቱም አልወደደውም፣ ታሪኩን አሳጥሮ ዘጋው። በመጋቢት 1976 ወታደሮቹ ሥልጣን ያዙ። ኤስተርኤልድ በድብቅ ሆኖ ሁለተኛውን ክፍል ይጽፍ ነበር። አራት ሴት ልጆች ነበሩት። በ1976 እና በ1977 አራቱንም ወሰዷቸው። እሱንም በሚያዝያ 1977 ወሰዱት። አልተመለሰም። የሥዕል ታሪክ ጸሐፊ ነው እኮ!

ሚያዝያ 1977 በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1969 ነው። አባቴ ቲንቲንን ካቃጠሉ ከአንድ ወር በኋላ። በዓለም ሁለት ጫፍ፣ በአንድ ሰሞን፣ ወረቀት የሚፈሩ ሰዎች የሰው ቤት ያንኳኩ ነበር። የእኛም ሰው ሩቅ አይደለም። በዓሉ ግርማ “ኦሮማይ”ን በ1975 አሳተመ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ ሥራውን አጣ፣ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይኸው እስከ ዛሬ።

ግን ምን ሆነ? በአርጀንቲና ያ ታሪክ የጀመረበት መስከረም 4 ቀን የኮሚክስ ቀን ሆኖ ይከበራል። በ2025 ደግሞ ኔትፍሊክስ በተከታታይ ፊልም ለዓለም አሳየው። “ኦሮማይ”ም በየመጽሐፍ መደብሩ አለ። ወታደሮቹን ግን ስማቸውን እንኳ የሚያስታውስ ልጅ የለም።

ፍርዱ

እንግዲህ እህቴ ፍረድ ብላኝ ነበር፤ ልፍረድ።

ልጁ በነፃ ተሰናብቷል። ደብተሩንም ያጥና፤ ፈተናውን ከወደቀ ይግባኝ አልቀበልም። እናቲቱ ከዛሬ ጀምሮ ከመንጠቋ በፊት አሥር ገጽ እንድታነብ ተወስኗል። ለትንንሾቹ ቲንቲንን ጀምሩላቸው፤ ለአሥራ ሦስትና ለአሥራ አራት “ፕላኔቴስ” ይሆናል፤ የኤስተርኤልድን ከበድ ያለውን በረዶ ለአዋቂዎች አቆዩት። “የፍርድ ቀን”ን ግን ሁላችንም፣ በተለይ ሰው በቀለሙና በመንደሩ መቁጠር የለመድን፣ ዛሬ ማታውኑ ብናነባት ይበጀናል።

ሌላም ቃል ለሠዓሊዎቻችን አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢታን ኮሚክስ የተባለው የወጣቶች አሳታሚ “ጀምበር” የሚል ኢትዮጵያዊ ጀግና ያለው ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል። እሰይ! ግን ጀምበርም ምድር ላይ ነው ያለው። ከእንጦጦ ተነሥታ ጨረቃን አልፋ የምትሄድ፣ ውስጧ ቡና የሚፈላባት፣ ካፒቴኗ የሰላሌ ወይ የጅግጅጋ ልጅ የሆነች መንኮራኩር ማን ይሣልልን? የራሱን ነገ ያልሣለ ሕዝብ ሌላው በሣለለት ነገ ውስጥ ከኋላ መቀመጫ ነው የሚሰጠው። ሰማያዊዎቹን ሮቦቶች አስታውሱ።

ትናንት ማታ ለልጁ ጥራዙን መለስኩለት። ምንም ሳላወራ ለእሱ ያስመጣሁትን አንድ መጽሐፍ ደግሞ ጨመርኩበት። ሽፋኑ ላይ ቀይና ነጭ መንኮራኩር አለች። “ጋሼ፣ ይቺን ያውቋታል እንዴ?” አለኝ።

“አዎ፣ የድሮ ጎረቤቴ ናት” አልኩት።

ቸር ያሰንብተን።